በወታደራዊ ግቢ የቆመን መኪና ጎማ የመቆለፍ ሥልጣን



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም በኩል ወደ አምቦ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሆለታንም ያውቃል። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የገነት ጦር ትምህርት ቤት ከተቋቋመ ወዲህ የዚህ መንገድ ሰው ከወታደር በር ጋር ጎረቤት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ለእኛ ባዕድ አይደለም፦ በወታደራዊ ግቢ ያለ ፈቃድ የቆመን የሲቪል ሰው መኪና ጎማውን በብረት ቆልፎ የመያዝ ሥልጣን ከየት ይመነጫል?

መቆለፊያው ራሱ ታሪክ አለው። የፈለሰፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ማሩግ ነው (በነገራችን ላይ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር)፤ የዴንቨር ከተማ ፖሊስም እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ ላይ አዋለው። ዓላማው ቅጣታቸውን ያልከፈሉ ባለ መኪናዎችን ማስከፈል ነበር። እንግዲህ መሣሪያው የተወለደው ለዕዳ እንጂ ለጥበቃ አይደለም።

ይህ ልዩነት በጦር ሰፈር በር ላይ ጎልቶ ይታያል። ዘብ መኪናን የማስቆም፣ የመፈተሽና የመመለስ ሥልጣን እንዳለው የሚከራከር የለም። ነገር ግን በሩን የዘጋ መኪና ቢቆለፍ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል! አምቡላንስ መውጣት ቢኖርበት፣ ወይም መኪናው የጫነው ነገር የሚያሰጋ ቢሆን፣ ቁልፉ አደጋውን በቦታው ያጸናዋል። የጸጥታ ምክንያት መኪናውን ለማንሣት ይበቃል፤ ለመቆለፍ ግን አይበቃም። የመኮንኑ የራሱ መኪና ከሆነ ጉዳዩ የሠራዊት ዲሲፕሊን ነው። እህል ያቀረበው ነጋዴ ወይም ልጇን ልትጠይቅ የመጣች እናት ግን በዚያ ዲሲፕሊን ሥር አይደሉም።

በከተሞቻችን የለመድነው ታርጋ መፍታት ነው። ከቁልፉ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፦ መኪናው መንገዱን ይለቃል፣ ሹፌሩም ታርጋውን ፍለጋ ወደ ቢሮ ይሄዳል። ለወታደር በር ግን የባሰ ነው፤ ታርጋ አልባ መኪና ማንነቱ የማይለይ መኪና ነውና።

የሌሎችን አገሮች ፍርድ እንመልከት። በስኮትላንድ ከፍተኛው የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በብላክና ካርማይክል ጉዳይ፣ በግል ይዞታ ላይ መኪና ቆልፎ ገንዘብ መጠየቅን በስርቆትና በማስፈራራት ገንዘብ መቀበል ወንጀል አየው። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ማስታወቂያውን አይቶ ያቆመ ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጠራል አለ፤ ክፍያው ግን ምክንያታዊ መሆን፣ መኪናውም ሳይዘገይ መፈታት ነበረበት። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን መቆለፍን ወንጀል አደረገው። እኔ የስኮትላንዱ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ሰሌዳ አጠገብ ማለፍን እንደ ውል መቁጠር ፈቃድ የሚለውን ቃል ያቀለዋል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1148 ባለ ይዞታ ሁከትን በኃይል እንዲመልስ ይፈቅዳል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ኃይልን ግን ይከለክላል። መመለስ ማለት እንግዲህ ከግቢው ማስወጣት ነው። መኪናውን ይዞ «ካልከፈልክ አልፈታም» ማለት ሁከትን መመለስ ሳይሆን ቅጣት መጣል ነው፤ ቅጣት ደግሞ ግልጽ ሕግ ይሻል። በሕግ የተሰጠ ሥልጣን ካለ በሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ በር የምናነበው «ማቆም ክልክል ነው» የሚል ብቻ ነው። ማን እንደሚፈታ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ አይናገርም። አንድ የአዲስ ዓለም ሚኒባስ ሹፌር ዓርብ ማታ ተቆለፈበት እንበል፤ የሚፈታው መኮንን የሚገባው ሰኞ ጧት ነው። ሹፌሩ በእነዚህ ሁለት ቀናት ለባለ ንብረቱ የሚያስገባውን ሒሳብ ማን ይከፍለዋል?