ስለ ኤፍራታና ስለ ቤተ ልሔም ስም ትርጓሜ የተነገረ ቃል



በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር ቤተ ልሔም የሚለውን ስም ያልሰማ ሰው አይገኝም። የድጓ መምህራን የሚመሰክሩበት ደብር በጋይንት አለና፤ ደግሞም በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዲያቆናት መሥዋዕቱን የሚያዘጋጁባት ትንሽ ቤት በዚሁ ስም ትጠራለችና። ነገር ግን ነቢዩ ሚክያስ ከቤተ ልሔም ጋራ አያይዞ የጠራው ኤፍራታ የሚለው ስም ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ስለ ምንስ አንዲት አገር ሁለት ስም እንዳላት የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አስቀድሞ የታወቀው ስም ይመርመር። ቤት በዕብራይስጥም በግእዝም ያው ቤት ነው። ልሔም ግን በየቋንቋው ይለያያል። በዕብራይስጥ እንጀራ፥ ኅብስት ማለት ነው፤ በዐረብ ቋንቋ ሥጋ ማለት ነው። የግእዝ ተማሪም ላህም ላምና በሬ መሆኑን ስለሚያውቅ የላም ቤት ብሎ ሊፈታው ይቃጣዋል፤ የከብቶቹ በረት ትዝ ሲለውም የተስማማ ይመስለዋል። ነገር ግን ላህም በሃሌታው ሀ፥ ልሔም በሐመሩ ሐ ይጻፋልና ፊደሉ ራሱ ይከለክለዋል። ለቅኔ ኅብር ያገለግል እንደ ሆነ እንጂ ለትርጓሜ አይሆንም። እንግዲህ ቤተ ልሔም ቤተ ኅብስት ማለት ነው።

ኤፍራታ የሚለው ግን የራቀ ይምሰል እንጂ ለግእዝ ዘመዱ ነው። ሊቃውንት ፍሬ ማፍራት ከሚለው የዕብራይስጥ ግሥ ያወጡታል፤ ይህም በግእዝ ፈረየ የምንለው ነው። ዮሴፍ በግብፅ ሳለ እግዚአብሔር አፈራኝ ሲል ልጁን ኤፍሬም ያለው ከዚሁ ግሥ ነው። ስለዚህ በዕብራይስጡ መጽሐፍ የኤፍሬም ነገድ ሰውና የኤፍራታ አገር ሰው በአንድ ቃል የሚጠሩበት ስፍራ ይገኛል። በዜና መዋዕልም ኤፍራታ የካሌብ ሚስት፥ የሆር እናት ናት፤ የቤተ ልሔምም ትውልድ ከእርስዋ ይቈጠራል። ስሙ ከሴቲቱ ቢወጣም ከምድሪቱ ቢወጣም ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም አፍርተዋልና።

ሁለቱ ስሞች የተያያዙበትም ምክንያት አለ። በኢያሱ መጽሐፍ በዛብሎን ርስት ሌላ ቤተ ልሔም ተጽፋለች፤ ኤፍራታ ሲባል ግን የይሁዳዪቱ ትለያለች። ከዚህም በላይ ፍሬ ሳይቀድም ኅብስት አይገኝም፤ ማሳው ኤፍራታ ነው፥ ቤቱ ቤተ ልሔም ነው።

መጽሐፈ ሩት ይህን በግልጥ ያሳያል። በምድር ረኃብ በሆነ ጊዜ አቤሜሌክና ኑኃሚን ወደ ሞዓብ ተሰደዱ፤ መጽሐፉም ኤፍራታውያን ይላቸዋል። እንግዲህ የፍሬ አገር ልጆች ከእንጀራ ቤት እንጀራ አጥተው ወጡ። ኑኃሚን ከሩት ጋራ የተመለሰችው የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነው። ሩትም ከቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ ለቀመች፤ ከዚያ ቃርሚያም የዳዊት ትውልድ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ቦዔዝን በመረቁ ጊዜ ኤፍራታንና ቤተ ልሔምን በአንድነት የጠሩት በከንቱ አይደለም።

የጋይንቱ ቤተ ልሔም እንጀራው ድጓ ነው። ኤፍራታው ግን የገበሬው ማሳ ነው፤ ተማሪው አኰፋዳውን ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ ያጠናልና። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን ክፉ ቀን ሲወርድ ከብቱ አለቀ፥ እርሻውም ጾሙን አደረ። ገበሬው ለልጁ ባጣ ጊዜ ለተማሪ ከየት ያመጣል? ማሳው ሲነጥፍ ዜማውም ያሠጋል፤ ስም ብቻውን አያጠግብም።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል እያንዳንዱ የአጥቢያ ሰው የገዛ ቤተ ልሔሙን ያስብ። ንጹሕ ሥንዴ ለመሥዋዕት ያግባ፤ ደጁን የመታውን ተማሪም ባዶ አኰፋዳ አሸክሞ አይስደድ። ለመሥዋዕት ሥንዴ፥ ለተማሪ ቁራሽ የሚሰጥ ገበሬ እርሱ ኤፍራታ ነው።

ቤቱን ከኅብስት፥ ማሳውን ከፍሬ አያጕድልብን፤ አሜን።