«ዜን» መቼ ቁልፍ ቃል ይሆናል?
(በክረምቱ ዕረፍት በመካነ ኢየሱስ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተነገረ)



ከመካከላችን አንዱ፣ የዚሁ የእስቴ ልጅ፣ በኮምፒዩተር የተግባር ፈተና ላይ ሦስት መስመር ጽፎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ «ደብዳቤ» የሚባል ፋይል ካለ «አለ» የሚል ቃል ይውጣ ነው። በመጀመሪያው መስመር «ኢፍ» ብሎ የፋይሉን መኖር ጠየቀና በ«ዜን» ጨረሰ። በሁለተኛው «ኤኮ አለ» አለ፤ በሦስተኛው በ«ፊ» ዘጋ። ሼሉ ግን ሦስተኛውን መስመር እየጠቀሰ፣ ያልተጠበቀ «ፊ» መጣብኝ ሲል መለሰለት። ልጁም ያንኑ መስመር ሲያጠፋና ሲጽፍ ሰዓቱ አለቀ። በኋላም «ይህ ትምህርት ለእኛ አገር ልጅ አልተፈጠረም» አለን። እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

ጥፋቱ በመጀመሪያው መስመር ነበር። የፋይሉን ስም በአማርኛ ከጻፈ በኋላ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ድርብ ሰረዝ (፤) መታ። ለእኛ ዓይን ይህ ሐሳብን ከሐሳብ የሚለይ ምልክት ነው፤ ለሼሉ ግን እንደ «ሀ» ወይም እንደ «ለ» ያለ ተራ ፊደል ነው። ሼሉ ትእዛዝን ከትእዛዝ የሚለየው በእንግሊዝኛው ሴሚኮሎን፣ በአዲስ መስመርና እነዚህን በመሰሉ ጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው። ስለዚህ ድርብ ሰረዙ ከፋይሉ ስም ጋር ተጣበቀ፤ ትእዛዙም ሳያልቅ ቀረ። ትእዛዝ ካላለቀ ደግሞ ቀጥሎ የመጣው «ዜን» ቁልፍ ቃል መሆኑ ቀርቶ ተራ ተከታይ ቃል ይሆናል። «ፊ» ግን በትእዛዝ መጀመሪያ ቦታ ላይ ስለ ተገኘ ታወቀ፤ «ዜን» ሳይቀድመው በመምጣቱም ሼሉ ጮኸ።

እንግዲህ ቁልፍ ቃል የሚታወቀው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በቦታው ነው። «ኤኮ ኢፍ» ብትሉት «ኢፍ» ብሎ ይጽፍላችኋል እንጂ ምንም አይጠይቅም። በትእምርተ ጥቅስ ብታስገቡትም ቁልፍነቱ ይቀራል። በጎረቤታችን በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የተማረ ሰው በዚህ አይደነቅም። በመስመሩ ውስጥ ያለው ፊደል ይነበባል፤ ያው ፊደል አንሶ ከመስመሩ በላይ ሲጻፍ ግን የዜማ ምልክት ነው።

ስቲቨን ቦርን በ1979 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር የወጣውን ሼል ሲሠራ፣ «ኢፍ»ን ገልብጦ በ«ፊ» መዝጋትን ከአልጎል 68 ወሰደ። «ዱ»ንም በ«ኦድ» መዝጋት ይገባው ነበር፤ ዳሩ ግን «ኦድ» አስቀድሞ የሌላ ትእዛዝ ስም ስለ ነበረ «ደን» የሚለውን መረጠ። ከሁሉ የሚያስቸግረው የቅንፍ ነገር ነው። ክቡ ቅንፍ ራሱ መለያ ስለሆነ በየትም ይታወቃል፤ ጠምዛዛው ቅንፍ ግን እንደ ቁልፍ ቃል ስለሚቆጠር ከመዝጊያው በፊት መለያ ይፈልጋል። እኛም ብዙ ጊዜ ወድቀንበታል።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው፣ መለያዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ፣ የአማርኛው ሥርዓተ ነጥብም ከእነርሱ እንደማይቆጠር በመጀመሪያው ቀን እንዲያሳዩን ነው። ሼሉ የጠቀሰው መስመር ሁልጊዜ የጥፋቱ መስመር እንዳልሆነም ይንገሩን።

ያን ልጅ ትናንት አስቀምጠን ድርብ ሰረዙን አስጠፋነው፤ «ዜን»ንም ወደ አዲስ መስመር አወረደ። ሼሉም «አለ» አለው።