በሩ ተከፍቶልናል፣ ደረጃውስ?



ዛሬ የምንናገረው በባሕር ዳር ሆቴሎችና አስጎብኚ ድርጅቶች ተቀጥረን የምንሠራ እህቶችን ወክለን ነው። ከመካከላችን አልጋ አንጣፊ፣ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ አስተናጋጅና እንግዳ ተቀባይ አለች። ሥራ አስኪያጅ ግን የለችም።

ይህ የእኛ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከቱሪዝም ሠራተኞች 54 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ ደመወዛቸው ግን ከወንዶቹ በ14.7 በመቶ ያንሳል። ስለዚህ ሴት ወደ ሥራው አልገባችም ማለት አይቻልም። ገብታለች፤ የቀረባት እድገቱ ነው።

እድገቱን የሚያግደው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ «ሴቶች አልተማሩም» ይባላል። በመካከላችን ግን በሆቴል ሥራ አመራር የተመረቁ አሉ። ችግሩ ያለው ድልድሉ ላይ ነው። የኃላፊነት ቦታ ሲወጣ ማስታወቂያው የሚጠይቀው በእንግዳ መቀበያ፣ በሽያጭ ወይም በሂሳብ የተገኘ ልምድ ነው። ሴቷ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሀውስኪፒንግ ትመደባለች። ዐሥር ዓመት ብትሠራም ማስታወቂያው የሚለውን ልምድ አታገኝም። አንሶላና ፎጣ ቆጥራ የምትረከብ፣ የሳሙናውን ወጪ የምትቆጣጠር፣ የባልደረቦቿን ፈረቃ የምታወጣ እሷ ናት። ይህ ማስተዳደር ነው፤ በማስረጃዋ ላይ የሚሰፍረው ግን «የጽዳት ሠራተኛ» የሚል ነው።

ሁለተኛው የሌሊት ፈረቃ ነው። አለቆች በሌሉበት ሌሊት የሚያድር ሠራተኛ ውሳኔ መስጠትን ይለማመዳል፤ ነገ ለሹመት የሚታጨውም እሱ ነው። እኛ ስንጠይቅ «ለእናንተው አስበን ነው» እንባላለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሌሊት እንዳትመደብ የሚከለክለው ግን ነፍሰ ጡርን ነው። የሚያስፈራን ሥራው ሳይሆን በጨለማ ወደ ቤት የምንመለስበት መንገድ ነው። ሰርቪስ ቢኖር ፍርሃቱ ይቀላል።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከደረሰባቸው የቆየ በደል የተነሣ ልዩ ድጋፍ እንደሚገባቸው ይደነግጋል። አዋጁም 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጥቶናል። ሆኖም ወልዳ ስትመለስ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ የምታገኝ እህት አለች። በወረቀት ያለው መብት በሥራ ቦታ እንዲታይ ጠያቂ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እህቶቻችን፣ በየክፍሉ እየተዘዋወርን እንድንሠራ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንጠይቅ። ሠራተኛ ስትጠይቅ የሥራዋን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኗንና ደመወዟን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ማግኘት በአዋጁ የተሰጣት መብት ነው። ማስረጃው የምንሠራውን ሁሉ እንዲዘረዝር እንጠይቅ። የማታ ባጃጅም በጋራ እንያዝ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ በከፈላችሁልን የምግብ ዝግጅትና የመስተንግዶ ሥልጠና እንጀራ በልተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ያ ሥልጠና በሩን ከፍቶልናል። አሁን የምንለምናችሁ ደረጃውን የምንወጣበትን ነው፤ የሂሳብ፣ የኮምፒውተር፣ የውጭ ቋንቋና የሠራተኛ አስተዳደር ትምህርት። በትምህርቱ ሰዓትም ልጆቻችንን የሚጠብቅልን ሰው ይኑር፤ አለበለዚያ የምትመዘገበው ብዙ፣ የምትጨርሰው ጥቂት ትሆናለች።

በሚቀጥሉት ዓመታት ስንት ሴት ሠለጠነች ብላችሁ ብቻ አትጠይቁን። ስንቷ ኃላፊ ሆነች ብላችሁም ጠይቁን።