የጓሮ አትክልትና የአሞራ ገደል ሐይቅ



በሐዋሳ ከተማ በአሞራ ገደል ሲነጋ ጀልባዎች ከሐይቁ ወደ ዳር ይጠጋሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውን፥ አምባዛውንና ቢልጫውን ያራግፋሉ፤ ጐበዛዝት ተቀምጠው በቢላዋ ይገፍፋሉ። ሥጋው ለገዢ ይሄዳል፤ በዚያው በዳሩ ጥሬውን በዳጣ እያጠቀሰ የሚበላም ብዙ ነው። አንጀቱ፥ ቅርፊቱ፥ ራሱና አጥንቱ ግን ይጣላል። አባ ኮዳ የተባለው ራሰ በራ አሞራ ከሰው አጠገብ ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የሚጣለውን ኹሉ አይጨርሰውም፤ የቀረው ይሸታል፥ ዝንብም ያፈላል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ ጓሮ ደግሞ ጎመን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱም ማዳበሪያ የምገዛበት ገንዘብ አጣሁ ይላል። ጎመኑ የተራበው ምግብ ግን ከመንደሩ ዳር ወድቆ የሚበሰብሰው ነው።

ነገሩ ስለ ጎመን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የተባለውን ወንዝና የዙሪያውን ጎርፍ ይቀበላል እንጂ፥ ከርሱ ወጥቶ በምድር ላይ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ጎርፍ ያወረደለት ነገር አብዛኛው በዚያው ይቀራል። በጓሮ የተረጨ መርዝ ዝናም በመጣ ጊዜ ከአፈሩ ጋራ ታጥቦ ይወርዳል፤ ከውኃው ወደ ጭቃው፥ ከጭቃው ወደ ጥቃቅኖቹ ነፍሳት፥ ከነርሱም ወደ ዓሣው ያልፋል፤ በመጨረሻም ወደ ገበታ ይመለሳል። ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 በወጣ ጥናት በዚህ ሐይቅ ዓሣዎች ሥጋ ውስጥ ዲዲቲና እርሱን የመሳሰሉ መርዞች ተገኝተዋል። ያ ዲዲቲ ከጓሮ አትክልት መጣ ለማለት አይደለም፤ ቀድሞ ለወባ ትንኝ በየቤቱ ግድግዳ ይረጭ ነበርና። ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ተከልክሏል። መታወቅ የሚገባው ግን የተረጨ መርዝ ባለቤቱ ከረሳው በኋላም በአፈርና በስብ ውስጥ ብዙ ዘመን መቈየቱ ነው።

አፈርን በራሱ ጥራጊ መመገብ ለዚህ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም። የሲዳማ እናቶች የከብቱን እበት በየማለዳው ጠርገው በቤቱ ዙሪያ ወደ ተተከለው እንሰት፥ በቋንቋቸው ወሴ ወደሚሉት፥ ይወስዳሉ። በዚህም ምክንያት ያ መሬት ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። አልበርት ሃዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ የእርሻ ሊቅ በህንድ አገር በኢንዶር ከ1924 እስከ 1931 ተቀምጦ ብስባሽ የሚዘጋጅበትን ሥርዓት ሲጽፍ፥ ከሊቃውንት ይልቅ ገበሬዎቹ እንዳስተማሩት መስክሯል። በአገራችንም ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በትግራይ ጥቂት መንደሮች ሥራውን ጀመሩ። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጅግ የበለጠ፥ በብዙው እህልም የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘው የማያንስ ምርት ሰጠ። መንግሥትም በ1998 ዓ.ም. ስለዚህ ዓይነቱ እርሻ አዋጅ ቍጥር 488ን አውጥቷል።

እንግዲህ ብስባሹ እንዴት እንደሚዘጋጅ መመልከት ይገባል። በሐዋሳ ዙሪያ ከእሳተ ገሞራ የተረፈ ቀላል፥ አሸዋማ አፈር ብዙ ነው፤ ውኃን ቶሎ ያሰርጋል፥ ፀሐዩም የቀረውን ይመጥጣል። ስለዚህ በደጋ አገር እንደሚደረገው ከምድር በላይ ከመከመር ይልቅ በጥላ ሥር ጕድጓድ መቈፈር ይሻላል። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፥ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከታች የበቆሎ አገዳና ጭራሮ ይነጠፋል፤ በላዩ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፥ ቀጥሎ ለምለም አረምና የኵሽና ልጣጭ፥ ከዚያም እበት፥ በመጨረሻም ስስ አፈርና ጥቂት አመድ ይደረግበታል። እያንዳንዱ ንጣፍ ውኃ ይረጭበታል፤ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ጕድጓዱ እስኪሞላ ይህ ይደጋገማል። በመካከሉ ረዥም እንጨት ይተከላል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ ሞቆና ረጥቦ ከተገኘ ሥራው ቀንቷል፤ ቀዝቅዞና ደርቆ ከተገኘ ውኃና እበት ይጨመርበት። በየወሩ አንድ ጊዜ ቢገለበጥ በሦስት ወይም በአራት ወር ጥቍር፥ ፍርፍር፥ ሽታውም እንደ ዱር አፈር የሆነ ይወጣል።

የዓሣው ጥራጊ የሚገባው በዚህ ጕድጓድ ውስጥ ነው፤ ጥንቃቄ ካልተደረገ ግን ሰውን ከጎረቤቱ ያጣላል። በጓሮ ላይ እንዲሁ የተበተነ እንደ ሆነ ውሻና ጅብ አፈሩን ቈፍሮ ችግኙን ያጠፋል፤ አባ ኮዳም ጣራ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ጥራጊው በዚያው ቀን ትኵስ ሳለ ይምጣ፤ ከጕድጓዱ መካከል፥ ከአፉ አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ይቀመጥ፤ ከርሱ ብዙ እጥፍ የሚሆን ደረቅ አገዳና ገለባ ይከበበው፤ በላዩም አንድ ስንዝር አፈር ይጫን። አፉም በእሾህ ይከደን። ደረቁ ነገር ሲያንስ ይሸታል፤ መሽተቱም የሚበላው እየባከነ መሆኑን ያመለክታል። በዓሣም ሆነ በእበት የተሠራ ብስባሽ ፈጽሞ ሳይበስል ጥሬውን ለሚበላ ለሰላጣና ለካሮት መስጠት አይገባም፤ በሽታ ያመጣልና።

ውኃን በሚመለከት አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። የሐይቁ ውኃ ወደ ሶዳነት ያደላል፤ በርሱ ብቻ ለዓመታት የተጠጣ መሬት እየጠነከረ ይሄዳል። ቀድሞ የሚጎዳው ቦሎቄ ነው፤ ቀይ ሥርና ቆስጣ ይታገሡታል። ክረምት ሲሆን የጣራውን ውኃ በበርሜል ማጠራቀም ይበጃል። ምንጊዜም መደቡ በገለባ ወይም በእንሰት ቅጠል ጕዝጓዝ ከተሸፈነ ግን የሚጠጣው ውኃ በጣም ይቀንሳል፤ ማጠጣቱም ማታ ይሁን።

ስለ ተባይ ኹሉን ማውራት ጊዜ ይፈጃል። ክሽክሽ በጎመን ላይ ገና ጥቂት ሳለ በሳሙና ውኃ ይታጠባል፤ አመድም ይነሰነስበታል። አስቸጋሪው የቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪ፥ ቱታ የተባለው ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ መግባቱ ታወቀ። ትሉ በቅጠሉ ልባስ መካከል ስለሚኖር የሚረጨው መርዝ ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ገበሬው ግን አልሞተም እያለ ደጋግሞ ይረጫል፤ ያም መርዝ ወዴት እንደሚወርድ ከላይ ተነግሯል። የሚሻለው የተቦረቦረውን ቅጠል በየኹለት ቀኑ ለቅሞ ማቃጠል፥ ቲማቲም በነበረበት መደብም በሚቀጥለው ወራት ቲማቲም፥ ድንችም ሆነ ቃሪያ አለመትከል ነው፤ ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸውና። በእግራቸው ጎመን ወይም ሽንኩርት ይግባ።

በትምህርት ቤት ይህን ለማሳየት ሰፊ ቦታ አያሻም። ኹለት መደቦች ጎን ለጎን ይዘጋጁ፤ አንዱ ብስባሽ ያግኝ፥ ኹለተኛው አያግኝ። በኹለቱም የሐበሻ ጎመን ከአንድ ዘር ይዘራ፤ ተማሪዎችም የለቀሙትን ቅጠል በየሳምንቱ እየመዘኑ ይጻፉ። ሽማግሎች መጥተው መዝገቡን ቢያዩት መልካም ነው፤ ልጁ ያለውን የማይሰማ አባት ሚዛን ያለውን ይሰማልና። ለበልጉ ዝናም እንዲደርስ ጕድጓዱ በኅዳር ይሞላ፤ የጎመኑ ዘር ደግሞ በየካቲት መጀመሪያ በችግኝ መደብ ላይ፥ ከሣር በተሠራ ዳስ ሥር ይዘራ።