ከስንብት በኋላ ያሉት ሦስት ወራት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ በቀድሞ አሠሪው ላይ ስለሚያቀርበው ክስ ነው። ርእሱ ሰፊ፥ የተሰጠኝ ጊዜ ግን አጭር በመሆኑ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ለማተኮር እወዳለሁ፤ ይኸውም የይርጋ ጉዳይ ነው። እኔ በጥብቅና ዘመኔ ካየኋቸው የሥራ ክርክሮች መካከል ሠራተኛው የተረታባቸው ብዙዎቹ ፍሬ ነገራቸው ደካማ ሆኖ ሳይሆን ቀን አልፎባቸው ነው።

ነገርን ከሥሩ ለመጀመር አንድ ገጠመኝ ላንሣ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወጣ በኋላ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ወደ ቢሮዬ መጡ። በአንድ ድርጅት 11 ዓመት አገልግለዋል። ዕቃ ጐድሏል ተብሎ፥ ቆጠራው እሳቸው ባሉበት ሳይደረግ፥ በሁለት መስመር ደብዳቤ ተሰናብተዋል። ሰነዶቹን ሳገላብጥ ጉዳዩ የሚያስተማምን ሆኖ አገኘሁት። በመጨረሻ የደብዳቤውን ቀን ብመለከት 4 ወር ከ12 ቀን ሆኖታል። «እስከ ዛሬ የት ቆዩ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ታገሥ፥ እናየዋለን ብለውኝ ነበር» አሉኝ።

እኚህ ሰው ሰነፍ አልነበሩም። ለዓመታት እንጀራ ከበሉበት ቤት ጋር መካሰስ በአስተዳደጋቸው ነውር ነው፤ ዳኛ ፊት የሚቆመው የሽማግሌው መንገድ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ልማድ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሕጉ ግን ሽማግሌውን አይጠብቅም።

የሕጉን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሆኖም ላስታውስ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የደመወዝ፥ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ክፍያው ሊፈጸም ከሚገባበት ቀን አንሥቶ፥ ከውሉ መቋረጥ የመነጨ ክፍያ ጥያቄ ደግሞ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 377/1996ም እንዲሁ ነበር፤ ስለዚህ አላወቅንም ለማለት ለባለሙያ የሚበቃ ምክንያት የለም።

እንግዲህ ለደንበኛዬ የቀረልን የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ሆነ። አገልግሎታቸው ከ9 ዓመት በላይ በመሆኑ የ3 ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያ፤ ውሉ ከሕግ ውጭ ስለ ተቋረጠ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፥ ለቀሩት 10 ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚሁ ሲሶ እየታከለ በጠቅላላው የ130 ቀን የስንብት ክፍያ ጠየቅን፤ ተፈረደልንም። ገንዘቡን ሲቀበሉ ግን ፊታቸው አልፈታም። «እኔ የፈለግሁት ቁልፌን ነበር» አሉኝ። በሌባነት ተጠርጥሮ ለወጣ ሰው ወደ ሥራው መመለስ ስሙን መመለስ ነው፤ ካሳው ይህን አልሰጣቸውም።

በዚህ ረገድ እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። በወጣትነቴ «በመጀመሪያ እርቁን ሞክሩ፥ ካልሆነ ትመለሳላችሁ» እያልሁ ያሰናበትኋቸው ደንበኞች ነበሩ። ምክሩ የሰላም ምክር መስሎኝ ነበር፤ የተመለሱት ግን ከቀኑ በኋላ ነው።

የይርጋውን ቆጠራ የሚያቋርጡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ክስ ማቅረብ፤ አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት፤ ወይም ተከራካሪው ወገን የጥያቄውን ትክክለኛነት በጽሑፍ ማመኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ በአፉ የሰጠው ተስፋ፥ ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ሰንበት፥ በስልክ የተባለ «ቆይ» ከእነዚህ ውስጥ አይገቡም። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት፥ ለምሳሌ በሕመም፥ የዘገየ ክስ ሊታይ ይችላል፤ ይህም ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ከቀረበ ነው።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማሳስበው ይህን ነው። ደንበኛው ገና ከመቀመጡ «የስንብት ደብዳቤው መቼ ደረሰዎ?» ብለን እንጠይቅ፤ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ወዲያውም የሥራ መሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን እናጣራ፤ ለእነርሱ የሚሠራው ሕግ ሌላ ነውና። ከዚያም ክሱን አስቀድመን ከፍተን እርቁን በጐን እናካሂድ። የተከፈተ ክስ በስምምነት ሊዘጋ ይችላል፤ ያለፈ ቀን ግን በስምምነት ፍለጋ አይመለስም። ክሱንም ስንጽፍ ወደ ሥራ መመለስን በዋናነት፥ ካሳና ሌሎች ክፍያዎችን በአማራጭ እንጠይቅ፤ ችሎቱ ግንኙነቱ መቀጠሉ ችግር ያስከትላል ብሎ ቢያምን ሠራተኛው ባዶ እጁን እንዳይመለስ።

ለአሠሪዎች የምትሠሩ አባላትም ዝምታ ትርፍ እንዳይመስላችሁ። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ የማሰናበት መብቱም ጥፋቱን ካወቀ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላ ይቀራል። ለተሰናባቹ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተፈጸመ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊታዘዝበት ይችላል። ቀን የሚቆጠረው በሠራተኛው ላይ ብቻ አይደለም። ሠራተኛን በባዶ ተስፋ እያቆዩ ሦስቱን ወር ማሳለፍ ለክርክር የሚጠቅም ብልሃት ሊመስል ይችላል፤ የሙያችን ክብር ግን እንዲህ ያለውን ብልሃት እንድንመክር አይፈቅድም።

ክቡራትና ክቡራን፤

የይርጋ ሕግ ክፉ ሕግ አይደለም፤ ክርክር ፍጻሜ እንዲኖረው፥ ማስረጃም ሳይጠፋ እንዲታይ ተብሎ የተደነገገ ነው። ክፉ የሚሆነው የሚያውቀው ሰው ለማያውቀው ሳይነግረው ሲቀር ነው። ያ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ከስንብታቸው ማግስት አንድ የሕግ ሰው አግኝተው ቢሆን ኖሮ ቁልፋቸውን ይዘው የመመለስ ዕድል በኖራቸው ነበር። ያ የሕግ ሰው ለመሆን እንትጋ።