በሎሚውና በልምጩ ላይ ያለችው ቢራቢሮ

(በዳንግላ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



በመርሐ ግብሩ ላይ «ስለ ቢራቢሮ» የሚል ርእስ ስታዩ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መስኖና ስለ ችግኝ በምንመክርበት ጉባኤ ይህ ምን ይሠራል ብላችሁ ይሆናል። ምክንያታችን አጭር ነው። በጎበኘናቸው ጓሮዎች የሎሚና የብርቱካን ችግኞች ቅጠላቸው ተበልቶ አገኘን፤ ባለቤቶቹም «መድኃኒት ይረጭልን» አሉን። በዚያው ጓሮ አጥር ሥር ደግሞ የንብ ቀፎ ተደርድሯል። ከመርጨት በፊት በላተኛው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባልና፣ በዳንግላ ገጠር በአንድ ይዞታ ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር እየተመላለስን ስንመለከት ቆየን።

በላተኛው የሎሚ ቢራቢሮ እጭ ነው። የሳይንስ ሊቃውንት ይህችን ቢራቢሮ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይሏታል፤ ዴሞዶከስ በሆሜር ቅኔ ውስጥ የሚገኝ የዐይነ ስውር አዝማሪ ስም ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ክንፎቿ ጥቁር ሆነው በቢጫ ነጠብጣብ ያጌጡ ናቸው፤ ሲዘረጉ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናሉ። በኋለኛው ክንፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያለበት ዐይን የሚመስል ምልክት አላት። አበባ ስትቀስም እንኳ ክንፏን ማርገብገብ አትተውም። በዚህ አገር ፈረሱን ዳማ፣ ጉራች፣ ቦራ፣ አምባላይ ብለን በመልኩ ለይተን እንጠራለን፤ የቢራቢሮውን ወገን ሁሉ ግን «ቢራቢሮ» ብለን ማለፋችን ያስገርማል።

እንስቷ እንቁላሏን የምትጥለው አንድ በአንድ፣ በለጋ ቅጠል ላይ ነው። ፈዛዛ ቢጫ ናት፤ ከመርፌ ራስ እምብዛም አትበልጥም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚፈለፈለው እጭ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ የተቀላቀለበት ስለ ሆነ የወፍ ኩስ ይመስላል። ወፍ የራሷን ኩስ አትለቅምምና ይህ መልኩ ጋሻው ነው። ካደገ በኋላ ደግሞ ቅጠል መስሎ ፈጽሞ ይለመልማል። ያን ጊዜ ቢነኩት ከራሱ ኋላ ብርቱካንማ የሆነ ሹካ መሰል ቀንድ ያወጣል፤ ሽታውም ይከረፋል። ልጆች ይህን አይተው ይሸሻሉ፤ ነገር ግን አይናደፍም፣ አይመርዝም። እንደ አባጨጓሬ ጠጉር የለውምና ገላንም አያሳክክም። አንድ ወር ያህል ሲበላ ከርሞ ራሱን በቀጭን ክር ከእንጨት ጋር ያስራል፤ ሙሽሬም ይሆናል። ሙሽሬው በለምለም ቅጠል መካከል ቢሆን አረንጓዴ፣ በደረቅ እንጨት ላይ ቢሆን ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ደረጃ «ሙሽሬ» የሚለውን ቃል የመረጡ የትምህርት መጻሕፍት አዘጋጆች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ተሸፋፍና የምትጠብቅ ናትና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሎሚና ብርቱካን ከእስያ የመጡ ዛፎች ናቸው፤ ቢራቢሮዋ ግን የአፍሪካ ተወላጅ ናት። ሎሚ ከመምጣቱ በፊት ልጆቿ የሚያድጉት በአገሬው ቁጥቋጦ ላይ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ ለመፋቂያ የምንቈርጠው ልምጭ ነው። የልምጭን ቅጠል በእጃችሁ ጨምቃችሁ አሽቱት፣ ቀጥሎም የሎሚን፣ ቀጥሎም የጤና አዳምን። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፀዋት ስለ ሆኑ ሽታቸው ዝምድናቸውን ይናገራል። ቢራቢሮዋም ይህን ዝምድና ከእኛ ቀድማ የምታውቅ ይመስላል፤ በእግሯ ቅጠሉን ነካክታ ለእንቁላሏ የሚሆነውን ትለያለች።

በተመለከትነው ይዞታ ልምጭ የቀረው በአንድ ወገን፣ በአሮጌው የድንበር አጥር ላይ ብቻ ነው። የቀረው ድንበር ዲከረንስ ተተክሎበታል። ዲከረንስን ለመንቀፍ አልቆምንም። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ግራር በፋግታ ለኮማና በአካባቢው የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ከችግኙ ጋር ይዘራል፤ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል፤ ገንዘቡም ልጅ ያስተምራል፣ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ የወረደው በሽታ፣ ኑሮን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። ለዚህች ቢራቢሮ እጭም የዲከረንስ ቅጠል ምግብ አይሆነውም። ልምጩ ሲመነጠር እናቲቱ ወዴት ትሄዳለች? በአቅራቢያዋ የቀረው ዘመድ የሎሚው ችግኝ ነው። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ነገር ግን በዚያ አጥር አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው በቀላሉ አይጥለውም።

ልምጭ በደኅና የሚገኝበት ሌላው ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በዚያም የሎሚ ቢራቢሮ ዘመድ የሆነች፣ በሳይንስ ስሟ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የምትባል፣ ልጆቿን በልምጭ ላይ ልታሳድግ የምትችል ቢራቢሮ መፈለግ ይገባናል። ስለ እርሷ ጥቂት ብንዘገይ ይቅር በሉን። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ወንዱ ጅራት ያለው ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን፣ እንስቶቹ ጅራት የላቸውም፤ ወፍ የማትበላቸውን ሌሎች መራራ ቢራቢሮዎች ይመስላሉ። አንዷ ከሌላዋ እጅግ ስለምትለይ፣ ሮላንድ ትራይመን በ1869 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የአንድ ዘር እንስቶች መሆናቸውን እስኪያስረዳ ድረስ ሊቃውንቱ ልዩ ልዩ ዘር አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር። በኢትዮጵያ ግን እንስቶቹ ጅራታቸውን አልጣሉም፤ አብዛኞቹም መልካቸው እንደ ወንዱ ነው። ስለዚህ የአገራችን ወገን በዓለም መጻሕፍት ለብቻው ይጠቀሳል። በደብራችን ዐፀድ ጥላ ሥር ብትገኝ የምንደነቅበት እንጂ የምናልፈው ነገር አይሆንም።

መመልከትና መመዝገብ ለዳንግላ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዚህች ከተማ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ አጥንቷል፤ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን አዕዋፍ ሰብስቧል፤ በ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉን አሳትሟል። ከሩቅ የመጣ ሰው ይህን ካደረገ፣ በየቀኑ በዐፀዱ የሚመላለሱ የሰንበት ተማሪዎች የበለጠ ማየት ይችላሉ።

ወደ ሎሚው እንመለስ። ማላቲዮንና የመሳሰለው መርዝ ትሉን ይገድላል፤ ንቧንም ይገድላል፤ በትሉ ገላ ውስጥ እንቁላላቸውን ጥለው ቍጥሩን የሚቀንሱልንን ጥቃቅን ተርቦችም እንዲሁ። ያደገ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት አይጎዳም። አዲስ የተተከለ ችግኝ ግን በጥቂት እጮች ራቁቱን ሊቀር ስለሚችል የባለቤቱ ሥጋት እውነተኛ ነው። ስለዚህ በችግኙ ወቅት ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየገለበጡ እጩን በእጅ ማንሣትና ወደ ልምጩ ማዛወር ይበቃል። በተመለከትነው ጓሮ ይህን ሥራ የያዙት የቤቱ ልጆች ናቸው፤ ቀንዱንም መፍራት ትተዋል።

ለአጥቢያዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዚህ ዓመት የዐፀድ አጥር ሲታደስና የድንበር ቁጥቋጦ ሲመነጠር ልምጩ ተለይቶ እንዲተው፤ በችግኝ ጣቢያዎቻችንም ዘሩ ተሰብስቦ እንዲፈላ ነው። ሁለተኛው፣ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎች ልምጩንና ሎሚውን እየዞሩ እንዲያዩ ነው። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የተክሉ ስም፣ እንቁላል ወይም እጭ ወይም ሙሽሬ መገኘቱ፣ ጅራት ያላት ቢራቢሮ ከታየችም መልኳ ይጻፍ። ደብተሩ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ እኛም በታኅሣሥ ዞረን እናነበዋለን።