ከበሮ በሰው እጅ ያምር
(የበዓል ኮሚቴው በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር፤ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳችን ወጥቷል)



በመጪው ነሐሴ በመናፈሻው በምናደርገው የሠፈራችን በዓል ላይ የጃፓን ከበሮ መቺዎች ይጋበዙልን፤ ልጆቻችንንም ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያለማምዱልን ብለን ሐሳብ ካቀረብን ወዲህ ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውናል። አንደኛው «የኛው ከበሮ እያለ የጃፓን ከበሮ ምን አገባው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የአምልኮ ነገር የለበትም ወይ?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ጆሯችንስ?» የሚል ነው። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ ዛሬ በዝርዝር ለመመለስ ቀርበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንናገር። «ታይኮ» በጃፓንኛ ከበሮ ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ትልቁ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሁለቱም አፉ በከብት ቆዳ ይለበዳል፤ የቆዳውም ጠርዝ ዙሪያውን በሚስማር ይመታል። በገመድ የምትወጠር ድምፀ ቀጭን ትንሽ ከበሮም አለች። የሚመቱትም በመዳፍ ሳይሆን «ባቺ» በሚባሉ ሁለት የእንጨት ዱላዎች ነው። ግንድ ተፈልፍሎ ቆዳ ሲለበድ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም መቼም!

ከበሮው በጃፓን እጅግ የቆየ ነው። ዛሬ በየበዓሉ የሚታየው፣ ብዙ ሰው ትልልቅና ትንንሽ ከበሮዎችን ይዞ በአንድነት የሚመታበት ሥርዓት ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ያስጀመሩት ኦጉቺ ዳይሃቺ የተባሉ የናጋኖ ክፍለ ሀገር ሰው ሲሆኑ ዘመኑም 1951 ነው። እሳቸው የጃዝ ከበሮ መቺ ነበሩ። በአካባቢያቸው መቅደስ ይመታ የነበረ አሮጌ ዜማ የተጻፈበት ወረቀት አግኝተው ሊመቱት ቢያስቡ ለአንድ ከበሮ ብቻ ሆኖባቸው፣ ልዩ ልዩ ድምፅ ያላቸውን ከበሮዎች ሰብስበው ለየሰው አከፋፈሉት። እንግዲህ «ጥንታዊ» እያልን የምናደንቀው ነገር፣ የአባቶቹን ዕቃ አንሥቶ በራሱ ዘመን ቋንቋ ባናገረ ሰው የተሠራ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደዚህ ወደምንኖርበት ወደ ካሊፎርኒያ እንምጣ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነውና።

ጃፓኖች ወደዚህ አገር የመጡት እንደኛው ሠርተው ለመኖር ነው። ነገር ግን በ1942 በጦርነቱ ጊዜ 120,000 የሚያህሉ የጃፓን ተወላጆች ከየቤታቸው ተነሥተው በጥበቃ ሠፈር ታጎሩ። ከነዚህም ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ከዚያ የወጡ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው እንደገና በዐይን እንዳይገቡ ሲሉ «ዝም ብላችሁ ኑሩ፤ ሌላውን ምሰሉ» እያሉ አሳደጉ። ብዙዎቹ የልጅ ልጆችም የአያቶቻቸውን ቋንቋ አጥርተው ሳይናገሩ ጎለመሱ።

ታዲያ እነዚህ የልጅ ልጆች ናቸው ከበሮውን ያነሡት። በ1968 ታናካ ሴይቺ የተባሉ ከጃፓን የመጡ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ማስተማሪያ ከፈቱ። በ1969 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የአንድ የቡዲስት ቤተ ጸሎት ሰዎች «ኪናራ» የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ከበዓል በኋላ ከበሮውን ወደ ቦታው ሊመልሱ ገብተው፣ ሳይታወቃቸው ለረጅም ጊዜ ሲመቱ ቆዩና ነገሩ ከዚያ ተጀመረ ይባላል። በ1973 የሳን ሆዜ ወጣቶች የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ።

ለኛ ትልቁ ቁም ነገር ከበሮውን ከየት እንዳገኙት ነው። ከጃፓን እንዳያስመጡ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ የኪናራ ሰዎች የካሊፎርኒያን የወይን ጠጅ በርሜል ወስደው፣ አጽድተውና ፍቀው በላዩ ቆዳ ወጠሩበት። ሌሎችም ከነሱ ተማሩ። ዛሬም እንዲህ ሲሠራ፣ የራሰውን ቆዳ ለመወጠር መኪና የሚነሣበት ክሪክ የሚጠቀሙ አሉ። ከበሮውን ገንዘብ አላመጣላቸውም፤ በርሜልና የወጣቶች ክንድ ሠራው እንጂ!

ባለፈው ዓመት ሐምሌ አንዳንዶቻችን በሳን ሆዜ የጃፓኖች ሠፈር የሙታን መታሰቢያ በዓላቸውን፣ «ኦቦን» የሚሉትን፣ ሄደን አይተናል። በመላው አሜሪካ እንዲህ ያለ የጃፓኖች ሠፈር የቀረው ሦስት ብቻ ነው። ከበሮው ሲመታ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ላይ በመንገዱ ላይ ይጨፍራሉ። ዳር ቆሞ ስልክ የሚነካካ ልጅ ፈልገን ጥቂት ብቻ ነው ያየነው። ያን ጊዜ ያለፈው የራሳችን በዓል ትዝ አለን። እኛ እስክስታ ስንመታ ልጆቻችን ከዛፉ ሥር ተደርድረው ስልካቸውን ያዩ ነበር። በአማርኛ ስንጠራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልናል። ጥፋቱ የነሱ ነው እንዳንል፣ ከበሮውን በእጃቸው ሰጥተናቸው አናውቅም። «አትንካ፣ ይቀደዳል» ነው የምንላቸው። ተመልካች አድርገን አሳድገን ለምን ተመልካች ሆኑ ማለት ፍርድ አይደለም።

አባቶች «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ። ልጆቹ ይያዙትና ያደናግራቸው፤ የምንፈልገው ይኸንኑ ነው። በልምምዱ ጊዜ የሚማሩትም ከወረቀት አይደለም። አስተማሪው መጀመሪያ በአፉ «ዶን፣ ዶን፣ ዶኮ፣ ካ» ይላል፤ ልጆቹም ተቀብለው ይላሉ። «ዶን» መሐሉን በኃይል መምታት ነው፤ «ዶኮ» ሁለት ፈጣን ምት፤ «ካ» የከበሮው ጠርዝ። አፉ የያዘውን እጁ ይከተላል። የኛም የዜማ ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ አይደለም እንዴ ያደገው? ከዚያ ግራ እግርን ወደ ፊት አድርጎ፣ ጉልበትን አጥፎ መቆም ይማራሉ። ከሁሉ በላይ የጎረቤትን ምት መስማት ይማራሉ፤ አንዱ ቸኩሎ ከሮጠ ሁሉም ይበላሻልና። ሴት ልጆችም ወደ ኋላ እንዳይሉ፤ በዚህ አህጉር ከታይኮ መቺዎች የሚበዙት ሴቶች ናቸው።

ሁለተኛውን ጥያቄ አንሸሸውም። «ምንም ሃይማኖት አልነካውም» ብንል እንዋሻለን። ታይኮ በመቅደስም፣ በቤተ ጸሎትም፣ በቴአትርም፣ በሠፈር ጭፈራም ይመታል። የኛም ከበሮ እንዲሁ ነው፤ በማኅሌት ይመታል፤ በሠርግ ቤትም እናቶች ይመቱታል፤ ሠርገኛውን ማኅሌት ቆመሃል ያለው የለም። በመናፈሻው የሚደረገው ልምምድ ጸሎት፣ ስግደት፣ ዕጣንም የለበትም፤ ይህንንም ከቡድኑ ጋር አስቀድመን ተነጋግረናል። ይህም ሆኖ ልቡ ያልፈቀደ ወላጅ ልጁን ባያመጣ ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገረው አደራ እንላለን።

ስለ ጆሮ የተነሣውም እውነት ነው፤ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ትርዒቱ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ለሕፃናትና ለአረጋውያን የጆሮ መሰኪያ ይታደላል፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤትም አስቀድሞ ይነገረዋል። ልምምዱ ግን ያን ያህል አይጮኽም፤ ልጆቹ በመጀመሪያ የሚመቱት ጎማ ነውና። አሮጌ የመኪና ጎማ አፉን ካርቶን በሚታሸግበት ሰፊ ፕላስተር ደጋግመው ወጥረው ሲያለብሱት ጥሩ መለማመጃ ይወጣዋል።

እንግዲህ ከእናንተ የምንለምነው ይኸው ነው። ጋራዣችሁ ውስጥ ሥራ የፈታ ጎማ ካለ አምጡልን፤ ሃያ ያህል ይበቃናል። ልጆቻችሁን በማኅበሩ ቢሮ አስመዝግቡ። ሦስተኛው ልመናችን ከሁሉም ይብሳል፦ ከበሮ የምትችሉ እናቶችና አባቶች፣ በዚያው ቀን ከታይኮው ቀጥላችሁ በዚያው ሜዳ ከበሯችንን ለልጆቹ አስይዙልን። የጃፓኑን ጎማ የመታ እጅ የእናቱን ከበሮ ሳይነካ ወደ ቤቱ ከተመለሰ እኛ አልሠራንም። «አትንካ» የሚለው ቃል በዚያ ቀን በመናፈሻው ውስጥ እንዳይሰማ።

የጎረቤቶቻችንን ከበሮ የምንጋብዘው የራሳችንን የምናነሣበት ወኔ እንዲሰጠን ነው።



የሠፈሩ ማኅበር የበዓል ኮሚቴ